የተነካ አፈር

ዓዋሌ ዲጂኖውን በሁለት እጁ ከፍ አደረገና በዱልዱሙ ጫፍ መሬቱን መታ።

ዱብ።

ጎንበስ ብሎ ግራ ጆሮውን ወደ መሬት አዘነበለ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄዶ ደግሞ መታ። ዱብ። የራሱም ልብ አብራ ዱብ አለች። ሰው እንዳይሰማበት የፈራ ይመስል ዲጂኖውን ቶሎ መሬት ላይ አጋደመውና በሽርጡ ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

ከአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ሙሴ ጋስቶን ደብተሩን ከፍቶ፣ እርሳሱን ደቅኖ ቆሟል። ሙሴ ጋስቶን ከአዲስ አበባ የተላከ ፈረንሳዊ የጥንት ነገር አጥኚ ነው፤ ከአንገቱ በላይ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ከአንገቱ በታች በአቧራ የነጣ ሰው። ከጎኑ ወረቀት ታቅፎ የቆመው ወጣት አስተርጓሚው ክፍሌ ነው።

"ተነካ ወይስ አልተነካም?" አለ ሙሴው። ከአማርኛ አጣርቶ የሚያውቃት ይህችን ብቻ ናት። ሁለት ወር ሙሉ በቀን ሃያ ጊዜ እሱ ሲጠይቅ፣ በቀን ሃያ ጊዜ ዓዋሌ ሲመልስለት፣ አንደበቱ ላይ ለስልሳለች።

ዛሬ ግን ዓዋሌ ፊቱን ሜዳውን ወደሚደለድለው ዶዘር አዞረ።

"ዓዋሌ፣ ይጠይቅዎታል እኮ" አለ ክፍሌ።

"ሰምቻለሁ። ደግሞ 'ይጠይቅዎታል' አትበለኝ አቦ! ስንት ሰው ሆኜ ታየሁህ? እኔ አንድ ዓዋሌ ነኝ።"

ክፍሌ የሸዋ ልጅ ነው፤ ድሬ ዳዋ ከመጣ ሦስት ዓመቱ ቢሆንም ትልቅ ሰውን አንተ ማለት እስካሁን አልዋጥለት ብሏል። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ተሳስቀው ያልፉት ነበር። ዛሬ ግን ዓዋሌም አልሳቀ፣ ክፍሌም ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ።

"ዶዘሩ ይጮሃል" አለ ዓዋሌ በመጨረሻ። "እሱ እዚያ ማዶ እያጓራ እኔ ምን ልስማ? ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ወዲያ ሞተሩ ሲያርፍ እንደገና እመታለሁ። ንገረው።"

ክፍሌ በፈረንሳይኛ ነገረው። ሙሴው ሰዓቱን አይቶ ከንፈሩን ነከሰ። በማታው ባቡር ይሳፈራል፤ ካርታውም ሪፖርቱም አብረውት ይሄዳሉ። ቢሆንም የዓዋሌን ፊት ለጥቂት ጊዜ ተመለከተና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

በሁለት ወር ውስጥ ዓዋሌ መልስ ሲያቆይ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዶዘሩም ቢሆን ትናንትናና ከትናንት ወዲያ ሲጮህ ነው የዋለው፤ ያን ጊዜ ጆሮውን አልያዘውም።

መሬት መምታት ለማያውቀው ሰው ቀልድ ይመስላል። ዓዋሌ ሃያ ስድስት ዓመት በሐዲድ ጥገና ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ከዚያ ወዲህ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ "ና መሬቴን ምታልኝ" እያለ የሚጠራው ሰው ነው። ያልተነካ አፈር ሲመቱት "ቃ" ይላል፤ ዲጂኖውን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ መዳፍ ያነዝራል። የሰው እጅ አንዴ ቆፍሮ የመለሰው አፈር ግን መቶ ዓመት ይተኛ፣ ሺህ ዓመት ይተኛ፣ እንደ ጥንቱ አይገጥምም፤ ተፈትቶ እንደገና እንደተሰፋ ልብስ ነው። "ዱብ" ብሎ ድምፁን ይውጠዋል። ለዓይን ሁለቱም ያው ናቸው፤ ያው የድሬ ዳዋ አሸዋማ አፈር። ሙሴ ጋስቶን በመጀመሪያው ሳምንት በትምህርቱ ብቻ ቆፍሮ ሦስት ጊዜ ባዶ ጉድጓድ አወጣ። በአራተኛው ቀን ዓዋሌ አላስችል ብሎት፣ "እዚህ ምን ትፈልጋለህ? ያለው እዚያ ነው" አለና በዲጂኖው አሳየው። ከዚያ በኋላ ዓዋሌ ያላለበት ቦታ አካፋ አይገባም ተባለ።

የሚፈልጉት ነገር ከከተማው ወጣ ብሎ በመልካ ጀብዱ መንገድ፣ ሜዳው ላይ የተጋደመ ረዥም የአፈር ክምር ነው። ቁመቱ ደህና በሆነበት ቦታ የሰው ወገብ ይደርሳል፤ በጎኑ ደግሞ ጥንት ተቆፍሮ ኋላ በደለል የተሞላ ጥልቅ ቦይ አብሮት ይሄዳል። ሰዉ "ድንበሩ" ይለዋል። የማን ድንበር እንደሆነ፣ ማንን ከማን እንደሚለይ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌ ሲጠየቅ፣ "አያቶቻችን ሲመጡ እዚሁ ነበር" ይላል፤ ሌላው "ጂን ነው ያጠረው" ይላል። ሙሴ ጋስቶንም ብዙ የሸክላ ስባሪና አንድ የግመል መንጋጋ አውጥቶ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተናገረም። ሜዳው ለዘይት ፋብሪካ ተሰጥቶ ነበርና፣ ግንባታው ከመጀመሩ በፊት ድንበሩ ይጠና የሚል ደብዳቤ ከአዲስ አበባ የመጣው በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው።

ለገንደ ሐዲድ ሰው ይህ ከሰማይ የወረደ ሲሳይ ነበር። ገንደ ሐዲድ በሜዳው ጥግ የተሰባሰቡ ሠላሳ ሁለት ቤቶች ናቸው። አብዛኛው ሰው ከሐዲድ ሥራ የወጣ፣ ድንጋይና ጭቃ ተሸክሞ በገዛ እጁ ጎጆ የቀለሰ፣ የመሬት ወረቀት የሚባል ነገር በእጁ ያልገባ ነው። ወንዱ ሁሉ ለቁፋሮው ተቀጠረ። ድንበሩ በረዘመ ቁጥር ሥራው ይረዝማል። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ጫቱ ቀርቦ ዱዓ ሲደረግ፣ "ያ ረቢ፣ ድንበሩን አርዝምልን!" ይባላል፤ "አሚን!" ይላል ሰዉ በአንድ ድምፅ። ዓዋሌም መስመሩን ባገኘ ቁጥር ሻይ ቤት ገብቶ እየተጎማለለ፣ "ዛሬ ደግሞ አሥር ሜትር ጨመርኩላችሁ" ይል ነበር። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ገደሉ ባለፈው ሰኞ በክፍሌ እጅ መጣ። ማህተም ያለበት፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ክፍሌ ሁለት ጊዜ አነበበላቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ከጥንታዊው ድንበር መስመር በግራና በቀኝ እስከ ሠላሳ ሜትር ድረስ ምንም ነገር አይሠራም። መስመሩ የፋብሪካውን ሥፍራ ከነካ ፋብሪካው ወደ ደቡብ ይሸጋሸጋል። በደቡብ በኩል የመሬት ወረቀት ሳይኖረው የሰፈረ ሰው በስምንት ቀን ውስጥ ይነሣል። በደቡብ በኩል ያለው ገንደ ሐዲድ ብቻ ነው።

እንግዲህ የቀረችው ጥያቄ አንዲት ናት። ድንበሩ፣ ሙሴው በየአሥር ሜትሩ ከተከላቸው ችካሎች፣ ከሠላሳ አንደኛው ወዲያ ከመሬት በላይ አይታይም፤ በጣሊያን ጊዜ ለካሚዮን ማቆሚያ ተብሎ ተደልድሏል። ከችካሉ ወዲያ ያለው ቦታ ደግሞ የፋብሪካው የውሃ ታንከር የሚቆምበት ነው። ቦዩ ከመሬት በታች እዚያ ድረስ ቀጥሎ ከሆነ ታንከሩ ይነሣል፣ ገንደ ሐዲድም ይነሣል። ችካሉ ላይ አብቅቶ ከሆነ ታንከሩም በቦታው፣ ሰዉም በቤቱ ይኖራል። ለመቆፈር ጊዜ የለም። ካርታው ላይ የሚሰፍረው የዓዋሌ ጆሮ የሚለው ነው።

ጆሮው ደግሞ ጠዋት ሰምቷል።

ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ዑግባድ መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ዑግባድ ከቢዮ አዋሌ መንደር የሚመጣላትን የግመል ወተት መጋላ ገበያ ወስዳ የምትሸጥ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰፈሩን ነገር ከማንም ወንድ በላይ የምትናገር ሴት ናት። ከኋላዋ አሥር አሥራ አምስት ሰው ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል። በዚያ ሰዓት ሁልጊዜ ጫቱ ተዘርግቶ ጨዋታው ይደራ ነበር፤ ዛሬ የሚቅምም የሚያወራም የለም።

"ወሪያ ዓዋሌ! ምን አለህ?"

"ማን?"

"መሬቱ ነዋ! ሌላ ማን ያናግርሃል?"

"ገና ነው። ከዐስር በኋላ ነው የምመታው።"

"ጠዋት ስትመታ አይቼሃለሁ፤ ሁለት ጊዜ። ከመታህ በኋላ ፊትህን ጠረግክ። ሃያ ዓመት ጎረቤትህ ሆኜ፣ ስትደነግጥ ፊትህን እንደምትጠርግ የማላውቅ መሰለህ?"

"ተይኝ አቦ፣ ዑግባድ።"

"እኔስ ልተውህ፣ ዶዘሩ ይተውሃል?" ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንድ ቃል ነው የለመንንህ፣ ግመል አምጣ አላልንህም። አልተነካም በላቸው፣ ኸላስ።"

"ውሸት ነው የምትለምኚኝ።"

"ውሸት ማን አለህ? አልሰማሁም በል። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው ጆሮው ቢደክም ማን ይፈርድበታል?"

ከተቀመጡት አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። የዓዋሌ ደም ግን ወደ ፊቱ ወጣ። በእርጅናው ይምጡበት፣ በድህነቱ ይምጡበት፤ በጆሮው ሲመጡበት አይችልም።

"ጆሮዬን አትንኪ! ጆሮዬ እንደ ድሮው ነው! ጠዋትም ጥርት አድርጎ ነው የ…" አለና አፉን ያዘ።

"እንግዲያው ሰምተሃል" አለች ዑግባድ ቀስ ብላ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዓዋሌ አልፏት ሄደ። ከኋላው ማንም አልጠራውም፣ ማንም አልሰደበውም። አንዱ ሽማግሌ ብቻ እግሩን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀለት፤ ለሬሳ መንገድ የሚለቀቀው እንዲያ ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሀዎ ሩዙን ከነመረቁ አቅርባ ከፊቱ ተቀመጠች። አልጠየቀችውም። ሀዎ መሬትን የሚመለከት ነገር ባሏን ከጠየቀችው ዘጠኝ ዓመት አልፏል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ዓዋሌ ለአንድ ነጋዴ መጋዘን መሬት መትቶ ነበር። ስድስት ቦታ መምታት ሲገባው፣ ሙቀቱ በርትቶበት፣ ነጋዴውም አጣድፎት፣ አራት ቦታ መታና "ደህና ነው" አለ። አምስተኛው ቦታ ላይ የተደፈነ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ነበር። ክረምት ሲገባ ግድግዳው ተናደ። ከሥሩ ሲሚንቶ ሲያወርድ የነበረው የሀዎ ታናሽ ወንድም ኢስማዒል ነው። ሀዎ አለቀሰች፣ ወንድሟን ቀበረች፣ ሐዘኗን ጨረሰች፤ አንድም ቀን ግን "አንተ ነህ" አላለችውም። ብትለው ይሻለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓዋሌ ስድስት ቦታ ሳይመታ ቃል አይወጣውም፤ ስለ አፈርም አንዲት ቃል አጣሞ አያውቅም። በዓለም ላይ የቀረችው ኩራቱ ያቺ ነበረች።

"ብላ እንጂ" አለች ሀዎ።

"ኡባህስ?"

"ልጁን እያጠባች ነው። ሲያለቅስ አደረ፣ ምስኪን።"

ኡባህ አንድ ልጃቸው ናት። ባሏ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ከወረደ ወዲህ ዓዋሌ ራሱ በሠራላት ቤት ከሦስት ወር ሕፃኗ ጋር ትኖራለች። ቤቱ የገንደ ሐዲድ መጨረሻ ነው፤ በሩን ከፍተው ሲወጡ ሜዳው ነው። ልጁን በሟቹ አጎቷ ስም ኢስማዒል ያለችው ሀዎ ናት።

ዓዋሌ ሩዙን ሁለት ጊዜ ጎረሰና እጁን ሰበሰበ።

"ሀዎ፣ ቤቱ ቢፈርስ የት እንገባለን?"

"አላህ ያውቃል።"

"አላህማ ያውቃል። አንቺስ?"

"እኔማ ልጁን አዝዬ ከኋላህ መከተል ነዋ! ሌላ ምን አለኝ?" ሳህኑን አነሣች። ቆም አለችና ዓይኑን ሳታይ፣ "ስለ መሬቱ ግን አትጠይቀኝ። ሌላ ነገር ጠይቀኝ፤ በመሬት ነገር እኔ አማካሪ አልሆንህም" አለችው።

ከዝሁር ሶላት በኋላ ወደ ሜዳው ሲመለስ የፋብሪካው ኮንትራክተር ስታቭሮ በትሬንታ ኳትሮ መኪናው ጥላ ሥር ተጋድሞ ሎሚ ይመጥጣል። ስታቭሮ ድሬ ዳዋ ተወልዶ ያደገ ግሪክ ነው፤ ሲምል በአላህ ይምላል፣ ሲሳደብ በሶማልኛ ይሳደባል።

"አቦ ዓዋሌ! ና ቁጭ በል። ወላሂ ዛሬ ጥሩ ነገር ካልነገርከኝ እሞታለሁ።"

"ታንከርህ ስንት ውሃ ይይዛል?"

"ሦስት መቶ ቶን! በስድስት የሲሚንቶ እግር። ከዚህ እስከ ጫፉ ሃያ አራት ሜትር። ከባቡር ጣቢያ ሆነህ ታየዋለህ።"

"መሠረቱስ?"

"እሱ ባንተ ነው። ያልተነካ መሬት ከሆነ አንድ ሜትር ተኩል እቆፍራለሁ፣ ሲሚንቶዬን አፈስሳለሁ፣ አለቀ። የተነካ ከሆነማ ታንከሩ ራሱ እዚህ አይቆምም። ያንተ ቃል ለሙሴውም ለእኔም ነው፤ አንድ ዲጂኖ ለሁለት ጌታ!" ብሎ በሳቅ ፈነዳ።

ዓዋሌ አልሳቀም። እስካሁን ድረስ የቤቱን ነገር ብቻ ነበር ያሰበው። ውሸቷ ወረቀት ላይ ተጽፋ አዲስ አበባ ሄዳ እዚያው የምትቀር መስሎት ነበር። ለካ ውሸቷም እዚሁ ልትሠራ ነው፤ ሦስት መቶ ቶን ተሸክማ ልትቆም ነው። ቦዩ በሌላው ቦታ ሲቆፈር አይቶታል፤ ሦስት ሜትር ይጠልቃል። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ያረፈ እግር የሚያርፈው በልቅ ደለል ላይ ነው። አንድ ክረምት ይቆም ይሆናል። አምስት ክረምትም ይቆም ይሆናል። መቆሙን ግን ማንም አይምልለትም።

ተነሥቶ ታንከሩ የሚቆምበት መሃል ሄደ። ከጠዋቱ ድምፅ እንደገመተው ቦዩ የሚያልፈው በደቡብ በኩል ባሉት እግሮች ሥር ነው። ቢዘነብል ወደ ደቡብ ነው የሚዘነብለው። ጀርባውን ለስታቭሮ ሰጥቶ ወደ ሰፈሩ በእርምጃ ቆጠረ። የታንከሩ ቁመት፣ ሃያ አራት ሜትር፣ በእሱ እርምጃ ሠላሳ ሁለት ይሆናል። ሠላሳኛው ላይ እግሩ የኡባህን አጥር ነካ። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ግድግዳዋን በእጁ ደገፈ። የሚቀጥለው ጎረቤት ገና ሌላ ሃያ እርምጃ ይርቃል።

አንድ ቤት ብቻ። ከሠላሳ ሁለት ቤት አንድ ቤት። ነገሩ እንዲህ ሲቀልለት ጊዜ ዓዋሌ ራሱን ፈራው።

"አባ፣ ምን ትቆጥራለህ?" አለች ኡባህ ሕፃኑን ታቅፋ ብቅ ብላ።

"ምንም። ጥላው የት እንደሚደርስ ነው።"

"የምኑ ጥላ? ሜዳው ላይ ምንም የለም እኮ!"

"ይመጣል" አለ ዓዋሌ።

ከዐስር ሶላት በኋላ የዶዘሩ ሞተር ጠፋ። ሜዳው ጭር አለ። የገንደ ሐዲድ ሰው ከነልጁ ወጥቶ በአጥሩ በኩል ተደርድሯል። ዑግባድ ከፊት ናት፤ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራለች። ሀዎ አልወጣችም።

ዓዋሌ ዲጂኖውን አነሣ። ስድስት ቦታ መታ። አንዱንም አልዘለለም፣ አንዱንም አላጣደፈም። ዱብ። ዱብ። ዱብ። እያንዳንዱን ቦታ እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። ስድስተኛውን ሲመታ አፈሩ ድምፁን እንዲህ ዋጥ አድርጎ ሲያስቀረው፣ ከሥር የሆነ ሰው ተቀብሎት የሚያስቀምጠው መሰለው።

"ተነካ ወይስ አልተነካም?" አለ ሙሴ ጋስቶን።

"አልተነካም።"

ክፍሌ መተርጎም አላስፈለገውም። ሙሴው እርሳሱን ዝቅ አድርጎ ወደ ችካሎቹ ዞረ፤ ሠላሳ አንዱም ሰልፍ እንደያዘ ወታደር ቀጥ ብለው መጥተው ዓዋሌ እግር ሥር ይቆማሉ። በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገረ።

"ይገርማል ይላል" አለ ክፍሌ። "ሦስት መቶ ሜትር ቀጥ ብሎ የመጣ ነገር እዚህ ላይ በድንገት ለምን ቆመ ይላል።"

"ሰዎቹ ደክሟቸው ይሆናል በለው።"

ሙሴው ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ወደ ቤቶቹ ተመለከተ። በአጥሩ በኩል የተደረደረውን ሰው ተመለከተ። ከዚያ ዓዋሌን ረዥም ጊዜ አየው። ደብተሩ ላይ ጻፈ።

"'እኔ ሌላ መሣሪያ የለኝም፤ ያለኝ የዓዋሌ ጆሮ ነው። እሱ ካለ ጽፌዋለሁ' ይላል" አለ ክፍሌ።

ሙሴው እጁን ዘረጋለት። ዓዋሌ ጨበጠው። ሐፍረት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ወረረው፤ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሰውየው ቢጠረጥረው፣ ቢጮህበት፣ "ውሸታም" ቢለው እጁን የሚያስገባበት አያጣም ነበር።

ሙሴው ዕቃውን ለመሰብሰብ ሲሄድ ክፍሌ ወደ ኋላ ቀረ።

"ዓዋሌ" አለ በሹክሹክታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብሎት፣ "ሁለት ወር አብሬህ ቆሜያለሁ። 'ቃ' ምን እንደሚመስል እኔም ለምጃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"እኔን የጠየቀኝ የለማ!" አለና ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ስታቭሮ እየተሯሯጠ መጥቶ ዓዋሌን አቅፎ ግንባሩን ሳመው። "አንተ ሰው ረዥም ዕድሜ ይስጥህ! ነገ ጠዋት ቁፋሮ እጀምራለሁ።"

"ስታቭሮ፣ አራት ሜትር ቆፍር።"

"ምኑን?"

"መሠረቱን። አራት ሜትር ቆፍር።"

"አሁን አልተነካም አላልክም? ባልተነካ መሬት ላይ አራት ሜትር የሚቆፍረው እብድ ነው። ኩባንያው ሰቅሎ ይገድለኛል!"

"ለክብደቱ ነው የምልህ። ውሃ ነው፣ ይከብዳል…"

"አቦ ዓዋሌ! አንተ አፈሩን ንገረኝ፣ ሲሚንቶውን ለእኔ ተውልኝ።" ከዚያ ሳቁን አቁሞ ዓይኑን ጠበብ አደረገ። "ምነው? የምትነግረኝ ነገር አለ?"

ዓዋሌ በአጥሩ በኩል ያለውን ሰው አየ። አራት ሜትር ከተቆፈረ የቦዩ ሸክላ ይወጣል፤ ሸክላው ከወጣ ሁሉም ነገር ይወጣል።

"የለም" አለ።

ወሬው ከአጥሩ ጋ ሲደርስ እልልታው ሜዳውን ሞላው። ዑግባድ ፍየሏን ከነገመዷ ጎትታ አወጣች። አንዱ እጁን ይስመዋል፣ ሌላው ትከሻውን ይመታዋል፤ ሽማግሌዎቹ "ዓዋሌ፣ አላህ ጆሮህን ያቆይልህ" እያሉ ይመርቁታል። "አሚን" አለ። "ስትጨርሱ እመጣለሁ" አለ። አልሄደም። በሰዉ መሃል ቀጥ ብሎ አልፎ የኡባህ ቤት ገባ።

"ኡባህ፣ ዕቃሽን አውጪ።"

"ወዴት?"

"ወደ እናትሽ ቤት። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ትኖሪያለሽ፤ እኔ እዚህ እገባለሁ።"

"ምን ሆነሃል አባ? ቤቱን ለእኔ አይደል እንዴ የሠራኸው?"

"ለአንቺ ነው የሠራሁት። አሁን መልሼ ወሰድኩት።"

ኡባህ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች፤ ፊቱን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። "ታንከሩ ይመጣል ብለህ ነው? ገና አራት ወር ይፈጃል ይላሉ። ያኔ እናስብበታለና!"

"ያኔማ እለምደዋለሁ" አለ ዓዋሌ። "ሰው የገዛ ውሸቱን ይለምዳል፣ ልጄ። ያኔ 'አይወድቅም፣ ምን ሊሆን' እላለሁ፤ አንቺንም አምኜ እዚህ አስተኛሻለሁ። ዛሬ ነው ጥርት አድርጌ የማውቀው። ዛሬ ልግባ።"

ሀዎ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየም። ወደ ሜዳው ዞር ብላ፣ ታንከሩ የሚቆምበትን ባዶ ቦታ ተመለከተች፤ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ ባሏን።

"ተነክቷል?" አለችው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ስለ መሬት ስትጠይቀው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ለሙሴው የዋሸ ምላሱ ለእሷ እንቢ አለው።

"ተነክቷል።"

ሀዎ ወደ ውስጥ ገባች። ሕፃኑን አንሥታ በኡባህ ጀርባ ላይ አዘለችላት፣ ነጠላውን አጥብቃ አሰረች፣ "ሂጂ፣ አባትሽ ያለሽን አድርጊ" አለቻት። ኡባህ እያየቻቸው ወጣች። ሀዎም ተከትላት ወጣች።

"አንቺም ከእሷ ጋር ሁኚ" አለ ዓዋሌ ከኋላዋ። ዞር አላለችም።

መደቡ ላይ ተቀመጠ። ብትሄድ ፍርዱ ነው ብሎ አሰበ፤ ዛሬ ባይሆን ከዘጠኝ ዓመት በፊት መሄድ ነበረባት። ከውጭ የፍየሏ ጩኸት ተሰማና ቆመ። ሰዉ ይስቃል፣ ልጆች ይሯሯጣሉ። መሽቶ አልነበረም፤ ገና የመግሪብ አዛን አልተሰማም።

በሩ ሲገፋ ቀና አለ። ሀዎ ናት። ምንጣፏን ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች፤ በሌላው እጇ ትራሷን። ገባችና በሜዳው በኩል ባለው ግድግዳ ሥር ምንጣፉን ዘረጋችው። ትራሷን አስተካከለች።

"ተይ፣ ሀዎ" አለ። "እባክሽ።"

"ቤቱ ለአንድ ሰው ይሰፋል" አለችው። "ተነሣና ይሄን ሳጥን አግዘኝ፤ መተኛ ቦታ ዘግቶብናል።"